ኑዛዜው ሳይፈረም

አሮጌው አናጢ በቀኝ ጎኑ እንደተኛ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሞቶ ተገኘ። መርማሪዋ ከንፈሩን ገለጥ ብታደርግ ጥርሱ መሃል የትራስ ክር አየች። ቀኝ ዳሌው ላይ ደግሞ መዳፍ የሚያህል የአልጋ ቁስል አለ።

ሬሳው ሳይነሳ ሁለቱ ልጆቹ በር ላይ ቆመው ስለ ቤቱ ግምት ይጨቃጨቃሉ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻዋን ያስታመመችውን የእንጀራ ልጁን ነው።

«ኑዛዜ አለው?»

«ቤቱ ያንቺ ነው ይለኛል፤ እንጻፈው ስለው ዛሬ ነገ እያለ ዓመታት አለፉ። ትናንት እራት ላይ ግን፣ ሁላችንም ባለንበት፣ ጠዋት ምስክሮች ይጠሩ አለ።»

«ሌሊቱን እዚህ ያደረ ማነው?»

«ሦስታችንም።»

ታላቅየው ሳይጠየቅ ገባበት። «እሷን ይመርምሩልኝ። አባቴን በእጄ ሳጥብ የኖርኩት እኔ ነኝ።» ዓይኑ ግን እንባ አልነበረውም።

እህቱ ነርስ ናት። «ፋሻውን በየሳምንቱ የምቀይርለት እኔ ነኝ» አለች። «ለማንኛውም፣ መብቴን ለባዳ አልለቅም።»

መርማሪዋ ሦስቱንም አልጋው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ሟች ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም፤ ራሱን መገልበጥ አይችልም። ያፈነው ሰው ነው የተኛ እንዲመስል በጎኑ ያስተኛው። የእንጀራ ልጁ ቀን ከሌት ታገላብጠዋለች፣ የአልጋ ቁስሉን ቦታ ታውቀዋለች። ደግሞ ሳይፈርም ቢሞት ባዶ እጇን የምትቀረው እሷ ናት። ፋሻ የምትቀይረዋም ታውቀዋለች።» ወደ ታላቅየው ዞረች። «በእጄ አጠብኩት ያልከው፣ የአባትህ ቁስል የቱ ጋ ነው?»

«ጀርባው... ጀርባው ላይ።»

«ቀኝ ዳሌው ላይ ነው» አለች መርማሪዋ፤ «የሚያውቅ ሰው በዚያ ጎን አያስተኛውም።»

«ጠዋት ሊፈርም ነበር እኮ» አለ ታላቅየው። «የወለደን ልጆቹ እያለን።»

ካቴና ገብቶለት ሲወጣ እህቱ ወደ መርማሪዋ ጠጋ አለች። «ገዳይ አይወርስም አይደል? ድርሻው ለኔ ነው ማለት ነው?»

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል፤ የእነዚህ እናት ግን የወለደችው አንድ ዓይነት ብቻ ነው።

«ኑዛዜ ስለሌለ፣ አዎ» አለች መርማሪዋ። ገዳዩን ይዛለች፤ ለእንጀራ ልጅቷ ግን አንድ ክፍል እንኳ ማስቀረት አልቻለችም።

«ቤቱን መች ልልቀቅ?» አለች የእንጀራ ልጅቷ።

«ከቀብሩ በኋላ ይደርሳል» አለች ነርሷ፣ ክፍሉን በዓይኗ እየለካች። «እስከዚያ ይሄን ፍራሽ አውጥተሽ ጣይልኝ።»