«አንዱን ዘለልሽው»

በዚያ ምሽት የነበርነው እኔ፣ እማማ ፀዳለ፣ ድሮ አናጺ የነበሩት አቶ ገብሬ፣ የውጭው በር ላይ ደግሞ ዘበኛው ላሚሶ ብቻ ነን፣ ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ሌላ ሰው ገብቶ ይሆናል» እንዳትሉኝ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ያደግሁት ጸሎት ቤት ነው፣ ሰው ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ሲለኝ «ርቦህ ይሆናል፣ ብላና ተኛ» የምል ነበርኩ፣ እመኑኝ።

ጊዜው ደርግ ነው፣ ከተማችንንም ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ምሥራቅ በኩል አንድ ትንሽ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራ ነበር፣ ምግብ አቀርባለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። ልጄን በረከትን ላምባ ሊገዛ ፒያሳ በወጣበት አፍሰው ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውታል፣ ወደ ሰሜን ሄደ ከመባሉ በቀር ወሬው ጠፍቷል፣ እኔም ስሙን በዚያ ቤት አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም፣ ካነሳሁት አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ ደግሞ ማን ምን ብሎ እንደሚያወራ አይታወቅም።

እማማ ፀዳለ መርሳት ጀምረው ነበር፣ ገና ጅምሩ ነው፣ ጫማቸውን አድርገው «ጫማዬ የት ሄደ?» ይላሉ፣ የራሳቸውን ክፍል ትተው አቶ ገብሬ ክፍል ይገባሉ። ነርሷ «ትዝ ይልዎታል ወይ ብለሽ አትጠይቂያቸው፣ ይሸማቀቃሉ» ብላኛለች፣ ደግሞ ማታ ማታ ከእራት በፊት የሁሉንም ስም ከነአባታቸው እንድጠራና «አለሁ» እንዲሉ አዝዛኛለች፣ ስማቸው እንዳይጠፋባቸው።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ዝናቡ ሲያባራ መጥራት ጀመርኩ።

«አቶ ገብሬ ወልዴ!»

«አለሁ፣ ምን እሆናለሁ! የቀበሌ ስብሰባ አደረግሽው እኮ!» ብለው ሳቁ።

«እማማ ፀዳለ በየነ!»

«አለሁ ልጄ» አሉና ወደ በሩ ዞረው «አንዱን ዘለልሽው» አሉኝ።

«ማንን እማማ?»

«በሩ ላይ የቆመውን ነዋ! በረከትን። ጥሪው እንጂ፣ ካልተጠራ እንዴት ይገባል?»

ያኔ ኮቴ ሰማሁ። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ የሐይቅ ወፎች ቆርቆሮው ላይ ሲራመዱ የሰው ኮቴ ስለሚመስል መጀመሪያ እነሱ ናቸው ብዬ ነበር፣ ግን ኮቴው ከላይ አልነበረም፣ በረንዳው ላይ ነው፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው ኮቴ። አፌ እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም፣ «በረከት» አልኩ።

«አለሁ» አለ አንድ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ ጎርነን ብሎ።

አቶ ገብሬ ከተቀመጡበት ቀና ብለው «እንግዳ አለ እንዴ?» አሉ፣ እንግዲህ እሳቸውም ሰምተዋል፣ የእሳቸው አእምሮ ደግሞ ምንም አልሆነም። በሩን በርግጄ ወጣሁ፣ ማንም የለም። ላሚሶ ከወዲያ «ማንም አልገባም እትዬ፣ ቁልፉ እጄ ላይ ነው!» አለኝ።

ስመለስ እማማ ፀዳለ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀዋል፣ ባዶውን እያዩ «እግሩ ቆስሏል፣ ውኃ ስጪው» አሉኝ። ቀድቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩ፣ ዘወር ስል የተጠማ ሰው ውኃ ሲጎነጭ ሰማሁ፣ ኩባያውን ሳየው ግን እንደሞላ ነው።

«ምን ይላል እማማ?» አልኳቸው።

«ደክሞታል፣ ተይው አሁን። ነገ እነግርሻለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት የነርሷን ትእዛዝ ትቼ ጠየቅኋቸው። «ጓደኛው ደግፎት ነው የመጣው» አሉ፣ ቀጥለው የሚሉትን ስጠብቅ እጃቸውን ያገላብጡ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ብጠይቃቸው «የቱ ልጅ?» አሉኝ፣ ፊታቸው በሐፍረት ተጨማደደ፣ እኔም ጉንጫቸውን ስሜ ተውኳቸው። ክረምቱ ሳይወጣ እኔንም «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ይሉኝ ጀመር፣ ልጄን ያየው አንድ ዓይን እንዲህ እያየሁት ጠፋ። ማታ ማታ የእሱንም ስም እየጨመርኩ እጠራ ነበር፣ የመለሰልኝ የለም።

ደርግ ወደቀ፣ የስንቱ ልጅ በእግሩ እየተንከላወሰ ገባ፣ የእኔ አልገባም፣ መርዶም አልመጣም። በረከት ዮሐንስ ይባላል፣ ረዥም፣ ጠይም፣ ሲናገር ትንሽ የሚንተባተብ የአዋሳ ልጅ ነው። አብራችሁት የነበራችሁ ካላችሁ፣ በሕይወት ካለም፣ ከሌለም፣ ንገሩኝ።