ቲቶ የቆመበት ጠዋት

ቲቶ ከማሽኑ አጠገብ በጀርባው ተዘርሯል። ማጅራቱ የማሞቂያው ብረት ጠርዝ ላይ አርፏል፤ ዓይኖቹ ጣሪያው ላይ ፈጠዋል። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ቀኝ ጎኑን እስኪይዘው ድረስ አውቶቡስ ይነዳ ነበር።

ባሕር ማዶ፣ አርችዌይ በሚባል ሰፈር ከአንድ ፋርማሲ በላይ ያለችው ይህች ጠባብ አዳራሽ ሕመምተኞች በፒላቴስ እንቅስቃሴ የሚያገግሙባት ናት። በቦታው የነበሩት ሁሉ አማርኛ ተናጋሪዎች በመሆናቸው መርማሪ አልታየሽ ከካምደን ፖሊስ ጣቢያ ተጠርታ መጣች። ከሬሳው ይልቅ ማሽኑን ነበር አስቀድማ ያየችው። ሪፎርመር ይሉታል፤ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት አልጋ ነው። ከስሩ የተያያዙት ስፕሪንጎች አልጋውን ወደ ቦታው ይመልሱታል። ሁለቱ ቀያይ ስፕሪንጎች ተፈትተዋል። የተያያዘው አንድ ሰማያዊ ብቻ ነው።

«የቀለሙ ልዩነት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

የአዳራሹ ፊዚዮቴራፒስት ሎዛ ዓይኗን ጠረገች። «ቀዩ ጠንካራ ነው፤ ሰማያዊው በጣም ለስላሳ። ትናንት ሁለቱን ቀይ አያይዤ ነው የሄድኩት። ይኸው ፎቶው፤ ሁልጊዜ ሪከርድ አደርጋለሁ።»

«ተኝቶ ለሚሠራ ሰው ለስላሳው ምን ይጎዳዋል?»

«ምንም። እንዲያውም ይቀለዋል።» ሎዛ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቆሞ አንድ እግሩን አልጋው ላይ ካደረገ ግን ከስሩ ይሸሽበታል።»

«ቲቶ ይቆም ነበር?»

«ከሦስት ሳምንት ወዲህ። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል። ጠዋት ጠዋት እኔ ሳልገባ ብቻውን እንደሚሞክር ሳውቅ ተቆጥቼው ነበር።»

ቲቶ ሲወድቅ ሎዛ ከባተርሲ በሚመጣ አውቶቡስ ላይ ነበረች። የአውቶቡስ ካርዷ ሰዓቱን አረጋገጠላት።

ቀጥሎ የተጠየቁት ጋሽ ሳዶቅ ናቸው። የሰባ ዓመት ሰው ናቸው፤ የጀርባ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ወገባቸው በደረቅ ድጋፍ ታስሯል። ተራቸውን ደጅ ተቀምጠው ሲጠብቁ ነበር።

«ምን ሰሙ?»

«አልጋው ሲንሸራተት፣ ከዚያ ዱብ ሲል። ስገባ ልጁ ተዘርሯል።»

«ሌላ ያስተዋሉት ነገር አለ?»

«ተሽከርካሪ ወንበሩ ሁልጊዜ ከማሽኑ ጎን ነው የሚቆመው፤ ስንት ጊዜ አደናቅፎኛል! ዛሬ ታጥፎ በሩ ጋ ተደግፏል።»

ይህን ሲሉ ኮፍያቸው ከጉልበታቸው ወደቀ። ሽማግሌው ተነሡ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ድጋፉ አላስጎነብስ ሲላቸው ተመልሰው ተቀመጡ። አልታየሽ አንሥታ ሰጠቻቸው።

የቲቶ ታናሽ እህት ኪዲ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ወንድሟን የምታስታምመው እሷ ናት።

«ማሽኑ ላይ አስተኝቼው ውሃ ልገዛ ወረድኩ» አለች።

«ቆሞ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ኧረ በጭራሽ! እኔ ካልደገፍኩት ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም።»

«እዚህ አገር የምትኖሪው በምን ወረቀት ነው?»

ኪዲ አቀረቀረች። «በሱ አስታማሚነት ነው። ሰኞ የኢሚግሬሽን ሰዎች መጥተው ሊያዩት ነበር። እንደታመመ ከሆነ ፈቃዱ ይራዘምልኝ ነበር።»

ሬሳው ከተነሣ በኋላ አልታየሽ ሦስቱን በአዳራሹ ሰበሰበቻቸው።

«ለስላሳ ስፕሪንግ የተኛን ሰው አይጎዳም» አለች። «ስለዚህ የቀየረው ሰው ቲቶ እንደሚቆም ያውቅ ነበር። ሎዛ ታውቃለች፤ ፎቶውን ካነሣች በኋላ ትናንት ልትቀይረው ትችል ነበር። ወንበሩ ግን እዚህ የገባው ዛሬ ነው፤ ያኔ ሎዛ አልነበረችም። ወንበሩ ለምን ራቀ? ቲቶ ሲንገዳገድ የሚይዘው እንዲያጣ ነው። ስፕሪንግ ከአልጋ ስር ለመፍታት፣ ወንበርም ለማጠፍ ደግሞ መጎንበስ ያስፈልጋል። ጋሽ ሳዶቅ የወደቀ ኮፍያቸውን እንኳ ማንሣት አልቻሉም።»

ሌሎቹ ወደ ኪዲ ዞሩ።

«ቀረሽ አንቺ።»

ኪዲ ብዙ አልተከራከረችም። «በበሩ ስንጥቅ አየሁት» አለች። «ቤታችን ውስጥ፣ መስኮቱን ይዞ ቆሟል። ያን ቀን እልል ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ሰኞ እንዲህ ካዩት እንደሚያባርሩኝ ነው ያሰብኩት። በጌታ ስም እምላለሁ፣ እንዲሞት አልፈለግኩም! እዚህም ውሃ ልገዛ ስወጣ እንደሚቆም ገባኝ፤ ትንሽ ወድቆ እንዲፈራ ነበር ስፕሪንጉን የፈታሁት። ፈርቶ ወደ ወንበሩ እንዲመለስልኝ።»

«ልጄ…» አሉ ጋሽ ሳዶቅ።

ሎዛ መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ወረቀት አወጣች። «ለሰኞ የጻፍኩት ሪፖርት ነው። ‹መቆም አይችልም፤ ያለ እህቱ መኖር አይችልም› ይላል። ለምኖ አስጻፈኝ። ወረቀትሽ እስኪራዘም ድረስ ከወንበሩ አልነሣም ብሎኝ ነበር።»

ኪዲ ወረቀቱን አየችው እንጂ አልነካችውም። «ለምን አልነገረኝም ታዲያ ወንድም ጋሼ?»

«ውለታው እንዳይከብድሽ ነዋ» አለች ሎዛ።

አልታየሽ ወረቀቱን ተቀብላ ማስረጃ በሚያዝበት ከረጢት ከተተችው። የሐሰት ሪፖርት የጻፈ ባለሙያ የሥራ ፈቃዱን እንደሚያጣ አልታየሽም ሎዛም ያውቃሉ። ሎዛ «ይገባኛል» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«የምደውልልሽ ዘመድ አለሽ?» ስትል አልታየሽ ኪዲን ጠየቀቻት።

ኪዲ ወደ ማሽኑ ተመለከተች።

«እሱ ነበር» አለች።

አልታየሽ ክንዷን ያዘቻት፤ ደረጃውን አብረው ወረዱ።