የላንድሮቨሩ በር

ምሕረትአብን ከመውደዴ በፊት በድዬው ነበር። እሱ አያውቅም ነበር። እኔ ግን የመጣበትን ጉዳይ ተናግሮ ሳይጨርስ አወቅሁ፤ አውቄም ዝም አልኩ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም።

በ1999 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ኅዳር ውስጥ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ጣቶቹ በብረት የተጫጫሩ ረጅም ወጣት በመምህራን ማረፊያው በር ላይ ቆመ። የመኪና አካል የሚጠግን የባትላሜራ ሠራተኛ እንደሆነና ስሙም ምሕረትአብ አስናቀ እንደሚባል ነገረኝ።

«መምህር፣ ተማሪዎችዎ ከየገጠሩ ነው የሚመጡት ብለውኝ ነው። እንዲህ ያለ ላሜራ ያየ ካለ ቢጠይቁልኝ» አለና በእርሳስ የተሣለ የላንድሮቨር ሥዕል ዘረጋልኝ። «ሻንሲውንና ሞተሩን አንበሳሜ አንድ ወፍጮ ቤት ጓሮ አግኝቻቸዋለሁ። አካሉ ግን የለም። ጣራው፣ በሮቹ፣ ኮፈኑ፣ ሁሉም ተነቅሏል።»

«አሮጌ ቆርቆሮ ምን ይሠራልሃል?»

«አባቴን ነጻ ያወጣልኛል።»

አባቱ ጋሽ አስናቀ የጤና ጣቢያ ሾፌር ነበሩ። በ1982 ዓ.ም.፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ጉና ዳገት ላይ የታጠቁ ሰዎች አስወርደዋቸው መኪናውን ይዘው ሄዱ። እሳቸው ይህን ሲናገሩ ያመናቸው አልነበረም። ሸጦ በላው ተባለ። ምጥ የያዛትን ሴት ሁሉ ከየተራራው ሲያወርዱ የኖሩ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ መሪ የሚያስጨብጣቸው ጠፍቶ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኑ።

«አካሉ የተገኘበት ቦታ መኪናው የቆመበትን ይነግረኛል፤ ተዘርፎ የተጣለ እንጂ የተሸጠ እንዳልሆነ ያሳይልኛል» አለ ምሕረትአብ። «አባቴ ሰባ ሊሞላው ነው። ሌባ ተብሎ እንዲሞት አልፈልግም።»

ሥዕሉን አየሁት። ያ ጣራ ጉና ሥር በወላጆቼ ግቢ የገብስ ጎተራ ከድኖ፣ ሣር ለብሶ ተቀምጧል። በሩ የበጎቻችን ጋጣ መዝጊያ ነው። አባቴ ሙላቴ፣ ነዳጅ ጨርሶ ገደል አፋፍ ላይ የተተወ መኪና አግኝቶ በመፍቻና በመጥረቢያ ገፎት ነው፤ ሻንሲውና ሞተሩ እዚያው ቀርተው ነበር።

ከዚህ የባሰው ግን የእኔው ነው።

በአገራችን ነገር ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራል። የአካባቢው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ያጠፋው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። መንግሥት ተለውጦ አገር ሲረጋጋ፣ በ1984፣ ስለዚህ መኪና አውጫጭኝ ተቀመጡ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በሦስተኛው ቀን ለአባቴ ምሳ ይዤ ስደርስ ሰብሳቢው አያ ፈንታሁን «ልጅ አይዋሽም፤ እስቲ እሷን እንጠይቃት» አሉ።

«ነይ ልጄ። እናንተ ቤት የመኪና ቆርቆሮ ገብቶ ያውቃል?»

አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። እቤት አስጠንቅቆኝ ነበር።

«አያውቅም» አልኩ።

አያ ፈንታሁን ደግመው ሊጠይቁኝ ሲሉ፣ ለብቻቸው ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ሰው ተነሡ። «ተዉአት፤ ሕፃን አታስጨንቁ። አያውቅም ካለች አያውቅም» አሉ። ጋሽ አስናቀ ነበሩ። ሸንጎው በእኔ ቃል ተበተነ፤ አገሩ ንጹሕ ነው፣ ሾፌሩ ሸጦታል ተባለ።

እንግዲህ ልጃቸው ፊቴ ቆሟል። በዚያች ሰዓት መናገር ነበረብኝ። እኔ ምን አልኩ? «እኔም አብሬህ እፈልጋለሁ።»

በሐሳቤ ከጉና ላርቀው ነበር። ጣራ ገዳም አካባቢ አሮጌ ብረት አይቻለሁ አልኩት፤ ውሸት ነው። ቅዳሜ ጠዋት በአውቶቡስ ሄድን። ምሕረትአብ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የፈታው ማግኔት በኪሱ ይዞ ያገኘውን ቆርቆሮ ሁሉ ይሞክራል። የላንድሮቨር አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔት አይዘውም።

«ከያዘው የሰው ነው፤ ካልያዘው የእኛ ነው» ይለኛል።

«እኔንም ሞክረኝ እንጂ» አልኩት ስቀልድ።

ማግኔቱን በቀስታ እጄ ላይ አሳረፈው። አላነሣውም። እኔም እጄን አልሰበሰብኩም። ሁለታችንም የገዳሙን ጫካ እናያለን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ መንደር፣ ከዚያም ሌላ። እኔ ወደሌለበት እመራዋለሁ፤ እሱ ደስ ብሎት ይከተለኛል። እንደ ጎማ ልጥፍ በእያንዳንዱ ውሸት ላይ ሌላ መለጠፍ ነበረብኝ። ማታ ስመለስ ራሴን እጠላለሁ። ዓርብ ሲደርስ ደግሞ የምለብሰውን እመርጣለሁ።

ጥር ላይ የመኪናውን የመጀመሪያ ባለቤት ፍለጋ አንበሳሜ ወረድን። ወይዘሮ ጌጤ የተባሉ ሴት በ1957 እንደገዙት ሰምቶ ነበር፤ እሳቸው ሞተዋል፤ የእህታቸው ልጅ እትዬ ዓለሚቱ ግን ሊብሬውን እስከ ፎቶግራፉ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። የሻንሲ ቁጥሩ ልክ ገጠመ። ምሕረትአብ ሦስት ጊዜ ነው ያነበበው።

«አክስቴ ፀጋ የምትባል ሴት ልጅ ነበረቻት» አሉን እትዬ ዓለሚቱ። «በቃሬዛ ሲወስዷት መንገድ ላይ በወሊድ ሞተችባት። ሌላ እናት እንዲህ አትሁን ብላ መኪናዋን ለጤና ጣቢያው ሰጠችው። ስሟን በሩ ላይ አስጽፋበታለች።»

ፎቶግራፉ ላይ ጣራው ነጭ፣ አካሉ አረንጓዴ፤ በሩ ላይ «ፀጋ» የሚል ጽሑፍ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በር ላይ ነው። ከጭቃው ምርጊት ሥር ብቅ ባሉት በሁለቱ ፊደላት ላይ ጣቴን እየነዳሁ «ፀ» እና «ጋ»ን የለየሁት ትምህርት ቤት ሳልገባ ነበር።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ድንገት «ለአባትሽ ሽማግሌ ልልክ ነው» አለኝ። «አባቴም አብሮ ይሄዳል። ልጅ ስድር ካልሄድኩ መቼ ልሄድ ነው ብሏል።»

አልቅሼ መለስኩለት። የደስታ መሰለው።

በማግሥቱ ጉና ወጣሁና ለአባቴ ነገርኩት። የያዘውን መንሽ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ጎተራውን አየ።

«ሽማግሌው ሳይመጣ ጉድጓድ ቆፍሬ እቀብረዋለሁ።»

«አባዬ፣ ሰውዬው እኮ በሕይወት አሉ።»

«መኖሩን መች አጣሁት። ገበያ ላይ ሳየው መንገድ የምቀይር እኔ አይደለሁ?» መንሹን መልሶ አነሣ። «ያኔ ብናገር ያስሩኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ዓመቱ ሄደ።»

«እኔ እናገራለሁ። አንቱ ከፈለጉ ይቅበሩት።»

ጋሽ አስናቀን መጋዘኑ በር ላይ አገኘኋቸው። ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወሩ ነበር።

«ምሳ ይዘሽ የመጣሽው ልጅ ነሽ?»

«አዎ።»

«ነጠላሽ የትልቅ ሰው ነበር። መሬት ይጎትት ነበር።» ቆይተው «ተዉአት ያልኩት እኮ እኔ ነኝ» አሉ።

«አንቱ ነዎት።»

«ሚስቴ ሸጦታል እንዳለች ነው የሞተች» አሉና ወደ መጋዘኑ ገቡ።

አባቴ አልቀበረውም። አያ ፈንታሁን በዚያው ሜዳ አውጫጭኙን መልሰው ጠሩ። አባቴ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ባዶ እግሩን፣ በአገሩ ሰው ሁሉ ፊት ከጋሽ አስናቀ እግር ሥር ወደቀ። እኔም ተነሥቼ የዋሸሁትን በአፌ ተናገርኩ። ጋሽ አስናቀ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አነሡለት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲሉ ያላለቀሰ ሽማግሌ አልነበረም።

ምሕረትአብ በሩን ከጋጣው ነቅሎ አጠበው። አረንጓዴው ቀለም ወጣ፤ «ፀጋ» ወጣ። አጠገቡ ቆሜ ነበር።

«አንድ ነገር በለኝ» አልኩት።

«የአውጫጭኙን ይቅር ብያለሁ። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ አባትሽንም ፈርተሽ ነው።» ቀና ብሎ አየኝ። «ጣራ ገዳም ስትወስጂኝ ግን ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ሃያ አራት።»

በሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ቁልቁለቱን ወረደ። ሽማግሌም አልላከ።

ምሕረትአብ አካሉን ከሻንሲው ጋር ገጥሞ ለፋሲካ መኪናውን ጨረሰ። ጋሽ አስናቀ ነጭ ለብሰው በከተማው መሐል ሲነዱት ሰው ከየሱቁ እየወጣ አጨበጨበላቸው፤ ሌባ ሲላቸው የኖረውም ጭምር። ምሕረትአብ ጎናቸው ተቀምጧል። ከሰዉ መሐል አየኝና እንደ ማንኛውም ሰው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። በዓመቱ ባሕር ዳር ገባ፤ እዚያ ትዳር መያዙንም ሰማሁ።

የንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጡኝ፤ ጾሜ፣ ሰግጄ ጨረስኩ። ሊፈቱኝ ሲሉ «ያን ልጅ እያታለልሽ ያዞርሽበትን ሁለት ወር ከልብሽ ተጸጽተሽበታል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ አባቴ» አልኳቸው። እሳቸውንም ዋሸሁ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የኖርኩት ሌላ ጊዜ የለኝም።