ሎድ አድርጎ የሚጠብቃት ፊልም

ሀዲያ ልደታ ሰፈር፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካሉት ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ የሰው ክስ ስትተይብ ትውላለች። ባልና ሚስት ሲካሰሱ፣ ወንድማማቾች በአጥር ሲነታረኩ፣ ጉዱ ሁሉ በእጇ ያልፋል። ታዲያ ከሥራ ስትወጣ ጋሽ ዘነበ ኢንተርኔት ቤት ጎራ ካላለች ቀኑ አይዋጥላትም።

አንድ ቀን እዚያ ሥዕል ስትፈልግ አጭር ፊልም አገኘች። አንዲት ሴት በእርጥብ ሸክላ ላይ በጣቷ ብቻ የሰው ፊት ታወጣለች። ያኔ የኢንተርኔቱ ነገር ምኑ ይወራል፤ ፊልሙ ሎድ እስኪያደርግ ሰው ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ግማሹን እንዳየች መሸባት፤ ገጹን ሳትዘጋ ወጣች።

በማግስቱ ያው ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጥ ፊልሙ እስከ መጨረሻው ሎድ አድርጎ ቆሟል። በሌላው ቀን ደግሞ አዲስ ፊልም ተዘጋጅቶ ጠበቃት፤ መስታወት ላይ በአሸዋ የሚሥል ሰው። ወደ ጋሽ ዘነበ ዞረች።

«ጋሽ ዘነበ፣ ይሄን ማነው የሚከፍትልኝ?»

«ካንቺ በፊት የሚቀመጠውን ጠይቂዋ። ሙስአብ ይባላል፤ አብነት ሰፈር የሚሠራ አናጢ።»

በነጋታው ቀደም ብላ ሄደች። ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ የቀረበት ረጅም ልጅ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል።

«አንተ ነህ?»

አቀረቀረ። «የአልጋ ዲዛይን ልፈልግ ነበር የመጣሁት። ፊልምሽ ግማሽ ላይ ቆሞ ሳየው አሳዘነኝ።»

«ሳታውቀኝ?»

«የምታይውን አይቼ ምን ቀረኝ?»

ሀዲያ ሌላ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ወንበር አስጠግተው፣ ማዳመጫውን ለሁለት ተካፍለው ያዩ ጀመር። እሷ በተበላሸ ማመልከቻ ጀርባ ላይ መሣል ጀመረች፤ እሱም የአልጋ ራስጌ ላይ ወፍ መቅረጽ። ፊልሙ ቆም ባለ ቁጥር ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ።

አንድ ሐሙስ ሀዲያ ከስክሪኑ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «እሁድ ለእኔ ሽማግሌ ይመጣል» አለችው። «መርካቶ ሱቅ ያለው ሰው ነው። አባዬ ወዶታል።»

ሙስአብ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ።

«ስማኝ፣ እኔ የምፈልገው አንተን ነው። አባዬን እኔ እችለዋለሁ፤ ደጃችን ላልረገጠ ሰው ግን አልሟገትም። ሽማግሌ ይዘህ ትመጣለህ?»

«አባቴ እኮ ወራቤ ነው ያለው፤ እስከ እሁድ እንዴት...»

«ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?»

«እመጣለሁ።»

እሁድ የነጋዴው ሽማግሌዎች ሳሎኑን ሞልተው ተቀመጡ። ሀዲያ ጓዳ ሆና ስታዳምጥ በሩ ተንኳኳ። ሙስአብ የተዋሰውን ኮት ለብሶ፣ ኢንተርኔት ቤታቸውን ዘግተው የመጡትን ጋሽ ዘነበን አስከትሎ ገባ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ ጠያቂው ራሱ መምጣቱ ደንብ አይደለማ።

አባቷ አቶ ሁመድ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ልጄ፣ ለራሱ ሽማግሌ የሆነ የት አየህ?»

«አላየሁም አባባ። ጋሽ ዘነበ ብቻቸውን ሆኑብኝና ራሴን ጨመርኩ።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አቶ ሁመድ ግን አልሳቁም።

«ሀዲያ፣ ነይ ውጪ። ይሄን ልጅ ታውቂዋለሽ?»

ወጣች። ሳሎኑ መሃል ቆመች።

«አውቀዋለሁ አባዬ። የማገባውም እሱን ነው።»

አቶ ሁመድ የነጋዴውን ሽማግሌዎች ይቅርታ ጠይቀው ወደ ሙስአብ ዞሩ።

«ሂድና አባትህን ይዘህ ና» አሉት። «ልጄን በወጉ የምሰጥህ እሳቸው መጥተው ሲጠይቁኝ ነው።»