የኋላው ክፍል ጣሪያ

ኤጀታ በጀርባው ወድቆ፣ ዓይኖቹ ሲወድቅ በከፈተው ቀዳዳ ወደ ሰማይ እንዳዩ ቀርተዋል። ከበላዩ የተቀደደ የአቡጀዲ ኮርኒስ ይወዛወዛል፤ ከኮርኒሱ በላይ ወደ ታች የታጠፈ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው በላይ የጥር ሰማይ ይታያል። ፊቱና ኮቱ ላይ ቢጫ ዱቄት ተነስንሷል፤ ዙሪያው የቀርከሃ ስብርባሪ ነው። ቀኝ እጁ ትንሿን መዶሻ አልለቀቃትም።

መቶ አለቃ ጁምዓ በሩ ላይ ቆሞ ብዙ አየ። የአሶሳ ልጅ ነው። በርትኛ፣ ዐረብኛና አማርኛ ይናገራል፤ በሦስቱም ቁጥብ ነው።

የነገሩ መነሻ ቀላል ነበር። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ቤቷን በኋላ ክፍል ለሚኖረው ደባሏ ለታረቀኝ ልትሸጥ ተስማምታለች። ታረቀኝ የሚገዛው በባንክ ብድር ነው፤ ባንኩ ደግሞ መድን ለሌለው ቤት አያበድርም። መድን ሰጪው ድርጅት በበኩሉ ያረጀ ጣሪያ ያለውን ቤት ሳያስመረምር አይቀበልም። ለዚህ ሥራ ኤጀታን ከነቀምት ላከው። ኤጀታም ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ከኋላው ክፍል ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ።

የቀበሌው ጥበቃ ነገሩን ጨርሶታል። «አደጋ ነው። አደጋ ካልሆነም ሴትዮዋ ናት። ጣሪያዋ እንዳይታይባት ከልክላዋለች አሉ።»

ጁምዓ ወደ ሳሎኑ አለፈ።

ጸሐይነሽ ሳሎን ውስጥ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የወለጋ ሰው ናት፤ አሶሳ የገባችው በሙሽርነቷ ነው።

«ጣሪያው የማን ሥራ ነው?» አላት።

«የባለቤቴ። እሱ ካረፈም ቆየ።»

«ሟቹ እንደመጣ ምን አለዎት?»

«ሳቂታ ሰው ነበር። ‹ጣሪያ እንደ ሙሽራ እናት ዕድሜውን ይደብቃል፤ እስኪ ከሥር ልየው› አለኝ። ኮርኒሱን ቀዶ እንጨቱን ሊያይ ፈለገ።» ቆም አለች። «አትቅደደው ያልሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«አቡጀዲውን የወጠረው ባለቤቴ ነው።»

 ጁምዓ ጻፈው። ይህ ቃል በመዝገብ ሲሰፍር ለእሷ ክፉ እንደሚሆን ግን ገብቶታል። ሌላ ነገር ካልተገኘ ይህቺ ሴት ነገ እስር ቤት ናት።

«ከዚያስ?»

«‹እሺ እናቴ፣ ከላይ አየዋለሁ› ብሎ መሰላል ጠየቀ። አልተቆጣኝም እኮ። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።»

«ክረምቱን እዚሁ ነበሩ?»

«ነሐሴን ልጄ ወልዳ ነቀምት ነበርኩ።»

«አንድ ነገር ብቻ። ቀርከሃ የሚቆረጠው መቼ ነው?»

ግራ ተጋብታ አየችው። «ቀርከሃ? በበጋ ነዋ። ባለቤቴ መሬቱ ሳይደርቅ አያስነካም ነበር።»

ጁምዓ አመስግኗት ወጣ። ግቢው ውስጥ አናጢው ሞቱማ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ይጠብቀዋል። ከዓመታት በፊት ጣሪያውን ያደሰው እሱ ስለሆነ ለምርመራው ተጠርቶ ነበር።

«ና፣ አብረን እንውጣ» አለው።

«እኔ? ጎፍታ፣ ሰው የገደለ ጣሪያ ላይ?»

«አንተ ያደስኸው አይደል? ከፈራኸው ንገረኝ።»

ሞቱማ አጉረምርሞ ተከተለው። ቆርቆሮ ላይ ሰው የሚራመደው በምስማር መስመር ነው፤ ምስማር ባለበት ከሥሩ ማገር አለና። አቧራው ላይ የኤጀታ ጫማ በግልጽ ይታያል። አንድም ርምጃ ከመስመር አልወጣም። ከፊት ክፍሎቹ ጀምሮ የምስማሩን መስመር ተከትሎ እስከ ቀዳዳው ድረስ ደርሷል፤ የወደቀውም መስመሩ ላይ እንዳለ ነው።

«ጠንቃቃ ሰው ነበር» አለ ጁምዓ።

«እጅግ። እንደ ድመት ነበር የሚረግጠው።»

ጁምዓ ተንበረከከ። ከምስማሮቹ ራስ ሥር ውኃ እንዳያስገባ የሚደረገው ጎማ በሌላው ቦታ ሁሉ በፀሐይ ነጥቶ ተሰነጣጥቋል። በቀዳዳው መስመር ያለው ግን ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ ከጎማ ጫማ ላይ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል።

«ይኸ የአንተ እጅ ነው?»

ሞቱማ አጎንብሶ አየ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። «አይደለም። ዋቃን፣ እግዜርን! እኔ እንዲህ አልመታም፤ ምስማሩ ሁሉ ጠሟል።»

«ታዲያ ሟቹ ስለ ጣሪያው ሲጠይቅህ ምን አልኸው?»

ሞቱማ ዓይኑን ወደ መሰላሉ አዞረ።

«ሞቱማ።»

«‹ሁሉንም የመታሁት እኔ ነኝ፣ ያለ ሐሳብ ውጣ› አልሁት። ከታች ሆኜ። ሳልወጣ።»

«ቀርከሃ መቼ ይቆረጣል?»

«ምን ያለ ጥያቄ ነው? ይህን የአሶሳ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ዝናብ ካለፈ በኋላ፣ በበጋ።» ከዚያ ወደ ቀዳዳው ተመለከተና በማገሩ ቦታ የተሰበረውን ቀርከሃ አየ።

«ለማንም አትንገር» አለው ጁምዓ።

ታረቀኝና ሚስቱ የሺሀረግ የኋላው ክፍል ደጃፍ ተቀምጠዋል። በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሱ አሁን የሰፋሪዎቹ እህል መጋዘን ኃላፊ ነው። ጁምዓን ሲያይ ታረቀኝ ተነሣ።

«ዕድሌን አየህልኝ መቶ አለቃ? ቤት ልገዛ ብዬ ሬሳ ገዛሁ።»

«ቤቱን በጣም ፈልገኸው ነበር።»

የታረቀኝ ቀልድ ፊቱ ላይ ደረቀ። «መንደራችን ውስጥ ሳር ቤት ነበረን። አምና በበጋ የጫካው እሳት መጣ። እኔ መጋዘን፣ እሷ ወንዝ። ልጃችን ብሪቱ ውስጥ ተኝታ ነበር።» እጁን አፉ ላይ አደረገ። «ቆርቆሮ አይነድም። ሌላ ምንም የለኝም። ቆርቆሮ አይነድም፣ ይኸው ነው።»

የሺሀረግ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ጁምዓ እስኪረጋጉ ጠበቀ።

«ቀርከሃ መቼ ይቆረጣል?»

«ሲያስፈልግ ነዋ!» አለ ታረቀኝ እንባውን እየጠረገ። «እዚህ አገር ምን ቀርከሃ ጠፍቶ!»

ጁምዓ ወደ ክፍሉ ዘወር አለ። የልጆቹ አልጋ በሩን በግማሽ ዘግቶ ቆሟል፤ ሰው የሚገባው በጎን ተጣብቆ ነው።

«አልጋው እዚህ ምን ይሠራል?»

«ለነፋስ ነው ጌታው» አለች የሺሀረግ። «ክፍሉ ይታፈናል።»

«ዛሬ ነው ያዞርነው» አለ ታረቀኝ ፈጠን ብሎ። «ሰውየው ሲወድቅ ሰዎች እንዲገቡ ብዬ ገፋሁት።»

የሺሀረግ ባሏን አየችው። ያየችበት መንገድ ከጁምዓ አላመለጠም።

ጁምዓ ወደ ሬሳው ተመልሶ ወለሉን መረመረ። እበት በተለቀለቀው ወለል ላይ የአልጋ እግሮች አራት ጉድጓዶች አበጅተዋል። የኤጀታ ራስ በመካከላቸው ነው። ጉድጓዶቹን ቢጫው ዱቄት ሞልቷቸዋል። ከዱቄቱ መካከል ክንድ የምታህል ስብርባሪ አነሣ፤ ሁለመናዋ በመርፌ የተወጋ ይመስላል። በጣቶቹ ጫን ሲላት እንደ ደረቅ ዳቦ ፈረሰች።

በማግስቱ ረፋድ ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰባቸው። የኤጀታ ሬሳ ሆስፒታል ሆኖ ሚስቱን ይጠብቃል፤ በስልክ የተነገራት «ታሟል» ተብሎ ነው። ከቀትር በኋላ በሚገባው አውቶቡስ ትደርሳለች።

ጁምዓ ስብርባሪዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሰውየውን የገደለው ይኸ ነው» አለ። «የወደቀው ምስማር ባለበት፣ በትክክለኛው ቦታ እየረገጠ ሳለ ነው። ስለዚህ በእሱ ጥፋት አልሞተም። ከምስማሩ ሥር ግን የባሕር ዛፍ ማገር መሆን ሲገባው ቀርከሃ ነበር። ሰው አውጥቶ ሰው ቀይሮታል። ማን?»

ጁምዓ ስብርባሪዋን ወደ እነሱ ገፋ አደረጋት።

«የእኛ አገር ቀርከሃ ድፍን ነው። ሲቆርጡት ብረት ይመስላል፤ ለማያውቀው ሰው ከባሕር ዛፍ ይበልጣል። በዝናብ ወራት ከተቆረጠ ግን ጣፋጭ ውኃው ውስጡ አለ፤ ነቀዝ ይገባበታል። በጋ ሳይጋመስ ዱቄት ይሆናል። ይኸኛው ዱቄት ሆኗል፤ ስለዚህ የተቆረጠው ባለፈው ክረምት ነው። ወይዘሮ ጸሐይነሽ በክረምት እንደማይቆረጥ ያውቃሉ። ሞቱማም ያውቃል፤ እንጀራው ነው። እዚህ ያደገ ማንም በክረምት አይቆርጥም። ሲያስፈልግ ነው የሚቆረጠው ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ታረቀኝ ቀና አለ። «አላውቅም ነበር እኮ! አለማወቅ ወንጀል ነው?»

«አይደለም» አለ ጁምዓ። «አለማወቅህን እዚህ ላይ እተወዋለሁ። ነሐሴ ላይ የቤቱ ባለቤት ነቀምት ነበሩ። ጣሪያው በአንተ ክፍል ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ቆርቆሮውን ብታነሣ ማገሩን ምስጥ ጨርሶታል። ተሳሳትሁ?»

«ብነግራት ሽያጩ ይቀራል» አለ ታረቀኝ ድምፁ እየወረደ። «መድኑ ይቀራል፣ ብድሩ ይቀራል። እንጨት በፈቃድ ነው፤ ቀርከሃው ከወንዙ ማዶ ቆሟል። ጥሩ አድርጌ ሠራሁት። ለወንድሜ እንደምሠራው ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት።»

«አምንሃለሁ። ያን ቀን ጥፋት አልነበረብህም። ከዚያ ግን ዱቄቱ መውረድ ጀመረ።» ወደ የሺሀረግ ዞረ። «እህቴ፣ ዱቄቱን ትጠርጊው ነበር?»

«በየጠዋቱ» አለች። «አቧራ መስሎኝ። ልጆቹ ያስሉ ነበር።»

«ባለቤትሽ ግን የእህል መጋዘን ኃላፊ ነው። የነቀዝ ዱቄት ምን እንደሆነ ለእሱ ነጋሪ አያሻውም። አልጋውንም አስነሣ። ሟቹ ከወደቀ በኋላ ነው ያነሣሁት ብሎኛል። አልጋው ቦታው ላይ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ፍራሹ ላይ ያርፍ ነበር፤ ራሱ ግን ያረፈው እግሮቹ በቆፈሩት ጉድጓድ መካከል፣ ባዶ ወለል ላይ ነው። መንገድ ልክፈት የሚል ሰውም አልጋ በር ላይ አይገትርም። አልጋው ቀድሞ ተነሥቷል። ጣሪያው እንደማይችል አውቀህ ልጆችህን ከሥሩ አወጣህ። ሌላውን ሰው ግን ከላዩ እንዲወጣ ተውኸው።»

የሺሀረግ ብድግ አለች። «ለነፋስ ነው አልኸኝ።»

«የሺ…»

«ለነፋስ ነው አልኸኝ! እኔም ይኸንኑ ለመንግሥት ሰው ተናገርሁ። የእኛን ልጆች አንሥተህ የሰው አባት ጣሪያው ላይ ትሰድዳለህ?»

ታረቀኝ እንደ ተቀመጠ ጎበጠ። «መሰላሉን ይዤለት ነበር» አለ። «‹ያዝልኝ ወንድሜ› አለኝ። አፌን ከፈትሁ፤ እማምላክን፣ ከፍቼ ነበር። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ቢችለው አልሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ። እሱ ሲሄድ በጋውን በደንብ አድሰዋለሁ አልሁ። ብሪቱ ታየችኝ። አፌን ዘጋሁት።»

ሞቱማ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ። «እኔም ውጣ አልሁት» አለ። ማንም አላጽናናውም።

ጁምዓ ታረቀኝን በክንዱ ይዞ አስነሣው፤ ገመድ አላወጣም። በሩ ጋ ሲደርሱ ጸሐይነሽ ድምፅዋን አሰማች።

«ሚስቱን ማን ይቀበላታል?»

«ከእኔ ጣቢያ ሰው ይሄዳል» አለ ጁምዓ።

«ፖሊስ አይንገራት። እኔ እሄዳለሁ።»

«እርስዎን የሚያስከስስዎት ነገር የለም። ነፃ ነዎት።»

«ማን ነው ያለው?» አለችና ነጠላዋን አጣፋች። ልትወጣ ስትል ወደ የሺሀረግ ተመለሰች። «አንቺ ልጆቹን ወደ እኔ መኝታ ቤት አስገቢ። ዛሬ የትም አትሄጂም።»

አውቶቡሱ አቧራውን እየጎተተ ገባ። ከወረዱት መካከል ጥቁር ሹራብ የለበሰች፣ ለሕመምተኛ የሚሆን ብርቱካን በፌስታል የያዘች ሴት ዙሪያዋን ታያለች። ጸሐይነሽ ሳይነግሯት አወቀቻት።

«የኤጀታ ባለቤት ነሽ?»

«አዎ! አዎ እናቴ። እንዴት ሆነ? ሐኪም ቤት ነው ያለው?» ሴትዮዋ ፌስታሏን ወደ ግራ አዛውራ ልትጨብጣት እጇን ዘረጋች።

ጸሐይነሽ እጇን አልሰጠቻትም። የራሷ ባል የሞተ ዕለት ሰዎቹ መጀመሪያ እንዳቀፏት፣ ከዚያ እንደነገሯት ታስታውሳለች። የእነዚያን ሰዎች እቅፍ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችም።

«መጀመሪያ ስሚኝ ልጄ» አለች። «ሰው ገደለው፤ ስሙን እነግርሻለሁ። ጣሪያውን ከታች ሆኖ ሊያይ ሲል ግን ኮርኒሴን አትቅደድ ብዬ ወደ ላይ የላክሁት እኔ ነኝ። ይህንን ሰምተሽ፣ ከፈለግሽ ያን ጊዜ ትጨብጪኛለሽ።»

የሴትዮዋ እጅ በመካከላቸው እንደተዘረጋ ቆየ።