የአበጋዝ ሞርዳ መጽሐፍ ወራሾች

በዓዛርማ መንግሥት፣ በዘውድ በዓል ማለዳ፣ ንግሥት ሰዋስያ ሳትናገር ቀረች። ከሞተች ብዙ ዘመን ያለፋት ይህች ንግሥት በየዓመቱ መጽሐፏ ሲገለጥ ከገጹ ላይ ተነሥታ «ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?» ትል ነበር። ድምፅዋ በምድሪቱ ላይ እስከተሰማ ድረስ ከወንዙ ማዶ ያለ ጠላት አይሻገርም። ያን ዕለት ግን ሣጥኑ ሲከፈት መጽሐፉ የለም፤ በቦታው የዘንዶ ቅርፊት ተጋድሟል። ሕዝቡ «ወየው ጉዳችን!» ብሎ ጮኸ።

አገሩን ለማያውቅ ልንገር። በዓዛርማ መጽሐፍ አይሸጥም። ባለቤቱ ሞት አፋፍ ሲደርስ ብዕር ያስይዙታል፤ እርሱም በመጨረሻው ገጽ ላይ «እኔ እገሌ ለእገሌ ሰጠሁ» ብሎ በገዛ እጁ ጽፎ ያርፋል። ከዚያ ወዲያ ወራሹ የቀድሞዎቹን ባለቤቶች ስም ጮክ ብሎ ሲያነብ ሙታኑ ተነሥተው ይጠብቁታል። እንግዲህ የዓዛርማ መጽሐፍ ሰብሳቢ ሥራው ምን መሰላችሁ? የታመመ ሽማግሌ ማስታመም! ሾርባ ይዞ መሮጥ፣ ትራስ ማቃናት፣ የሌላ ሰብሳቢ ጫማ ደጃፍ ላይ ሲያይ ደግሞ ጥርሱን መንከስ። ጤነኛ ሰው ግን «ሰጠሁ» ብሎ ከጻፈ ቀለሙ ሳይደርቅ ከሙታኑ ጋር ይቆጠራል። ስለዚህ ያን ገጽ በብዕር የሚነካ ደፋር የለም።

በትጋት ከሆነ ወጣቷን ትብለጥን የሚያህል ሰብሳቢ አልነበረም። የታላቁን የጦር አበጋዝ የሞርዳን መጽሐፍ ለማግኘት የልጅ ልጁን፣ ያችን ነጭናጫ ባልቴት፣ ክረምት ከበጋ አስታማ፣ በሞቷ ጊዜ ወርሳዋለች። ተቀናቃኟ ሐንጋስስ? ሐንጋስ አንድ ቀን ብቅ ይላል፣ ዜማ ያንጎራጉራል፣ አሮጊቶቹን ያስቃል፣ መጽሐፍ ታቅፎ ይወጣል! የዳኞች፣ የባለቅኔዎች፣ የመርከበኞች ስም ያለበት መጽሐፍ ቤቱን ሞልቶታል። ሰው ባመሰገነው ቁጥር የትብለጥ ሆድ ይቃጠላል። «ምኑ ነው ከእኔ የሚበልጠው?» ትላለች ለብቻዋ። የሞርዳን መጽሐፍ አንዴ ልየው ብሎ ሲለምናት ሽፋኑን እንኳ አላሳየችውም።

ንጉሥ ኤልማር በጠና ታመው ሁለቱን አስጠሩ።

«ልጆቼ፣ ሌባው ዘንዶው ኩርማድ ነው፤ በጨው ተራራ ሆድ ውስጥ ያድራል። እኔ መንገደኛ ነኝ። መጽሐፉ ሳይመጣ ካረፍሁ ሰጪ አይኖረውም፤ ንግሥቲቱም ለዘለዓለም ዝም ትላለች። መልሶ ያመጣልኝን ሰው ስሙን በእጄ ከስሜ በታች እጽፋለሁ። አብራችሁ ልትሄዱ በሰዋስያ ስም ማሉልኝ!»

«በሰዋስያ ስም!» አሉ። ትብለጥ ስትምል ዓይኗ ሐንጋስ ላይ ነበር። ያ ቦታ የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእርሱ ስም ከሚጻፍበት ብትሞት ይሻላታል።

በረሃውን ሲያቋርጡ ሐንጋስ «ስንቅሽን ልያዝልሽ?» አላት።

«ተወው። እስከ ዛሬ የያዝኸው አይበቃህም?»

ባለ ክንፍ ጅቦች ከሰማይ ሲወርዱባቸው ቀድሞ የመርከበኞቹን መጽሐፍ የገለጠ ሐንጋስ ነው። ስም ሲጠራ የሞቱ መርከበኞች መቅዘፊያ ይዘው ተነሡ፤ ጅቦቹን እስከ ሸለቆው ድረስ አሳደዷቸው። ትብለጥ ከመሬት ተነሥታ አቧራዋን አራገፈችና «መርከበኞችህ ጩኸታቸው አይጣል ነው» አለችው። ምስጋናዋ ይህ ነበር!

ጨው ተራራ ሲደርሱ ዋሻው እስከ ጣሪያው በመጻሕፍት ተሞልቷል። ኩርማድ የባለቤቶቹን ስም ሁሉ በምላሱ ልሶ አጥፍቶ በጥፍሩ የራሱን ስም ቧጭሮበታል። ሐንጋስን ባየ ጊዜ ተወረወረ፤ ከረጢቱን ነጥቆ ከነመርከበኞቹ መጽሐፍ ወደ ዋሻው ጥግ ወረወረ፣ ሐንጋስንም በመዳፉ ሥር አደረገው።

«አንቺን አልነካም» አላት ለትብለጥ። «የሞርዳ ሙታን በእጅሽ እንዳሉ አውቃለሁ። የሚጠብቁት ግን ባለቤታቸውን ብቻ ነው፤ ይህን ማዳን አይችሉም። አየሽ፣ ይህን ሁሉ መጽሐፍ ሰብስቤ አንድም ሙት አይነሣልኝም፤ ማንም አልሰጠኝማ! ለዚህ ግን ሁሉም ይሰጠዋል። አንቺም እንደ እኔ ነሽ። የንግሥቲቱ ስም ምላሴን አቃጠለኝ፤ መጽሐፏን ይዘሽ ሂጂ። እርሱን ብቻ ተዪልኝ።»

እውነቱን ልደብቅ? ትብለጥ ደስ አላት። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ሲሉ ውሸት አይደለም። የንግሥቲቱን መጽሐፍ አንሥታ ወደ ዋሻው አፍ ተራመደች።

«ሂጂ፣ ትብለጥ፤ ንጉሡ እንዳይቀድሙሽ» አለ ሐንጋስ በጭንቅ። «አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ አልሞትም። የሞርዳን መጽሐፍ ፈልጌ ስሄድ ያቺ ባልቴት በከዘራዋ አባረረችኝ። ‹ዘፈንህን ለሌላ፤ ገላዬን የምታጥበኝ ትብለጥ ናት› አለችኝ። ስንት ጊዜ በቅናት እህል አስጠላኝ መሰለሽ!»

ትብለጥ ቆመች። «አንተ? በእኔ ቀናህ?»

«በማን ልቅና ታዲያ?»

«አንተ ሞኝ! አንተ ጅል! ይህን ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» እንባዋ ወረደ። በቅናት እህል ያስጠላቸው ሁለት ሰዎች፣ አንድ ማዕድ ሊቆርሱ ይችሉ የነበሩ! ወደ ኋላ ዞራ ከመታጠቂያዋ ብዕርና ቀለም አወጣች።

«ተዪ! ትብለጥ፣ አትጻፊ!» አለ ሐንጋስ።

«እኔ ትብለጥ የአበጋዝ ሞርዳን መጽሐፍ ለሐንጋስ ሰጠሁ» ብላ ጻፈች፤ መጽሐፉንም እንደተገለጠ ወረወረችለትና በጉልበቷ ወደቀች። ትንፋሿም በዚያው ቆመ።

ሐንጋስ በዘንዶው መዳፍ ሥር ሆኖ እያለቀሰ ስሞቹን ጠራ። አበጋዝ ሞርዳ ጋሻውን እያንኳኳ ተነሣ። ልጆቹ ተከተሉት፣ ነጭናጫዋ ባልቴትም ከዘራዋን ይዛ ተነሣች። ኩርማድ «ለእኔስ? ለእኔስ ማን ይሰጠኛል?» እያለ ጮኸ። የሞርዳ ጦር ደረቱን ሲወጋው በሰበሰባቸው መጻሕፍት ላይ ወድቆ ሞተ። ሐንጋስ የመጨረሻዋን ስም፣ የትብለጥን፣ ለማንበብ ግን አልደፈረም፤ መጽሐፉን ዘጋው።

ትብለጥን በጨው ቋጥኝ ሥር ቀበራት። ንጉሡ ሳያርፉ ደረሰ፤ ንጉሥ ኤልማርም በገዛ እጃቸው «ለሐንጋስ ሰጠሁ» ብለው ጽፈው ዓይናቸውን ከደኑ።

ኀዘኑ ሲወጣ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ንግሥት ሰዋስያ ተነሥታ «ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?» ስትል እልልታው አደባባዩን አናወጠው። ሐንጋስ ግን አልሳቀም። የሞርዳን መጽሐፍ ከጎኗ ገልጦ፣ ከዋሻው ወዲህ ያልደፈራትን ስም ጠራ። «ትብለጥ።»

ተነሣች። ሕዝቡ በግንባሩ ተደፋ። እርሷ ግን ሕዝቡን አላየችም፤ የንግሥቲቱን ገጽ፣ የሐንጋስ ስም የተጻፈበትን ቦታ ብዙ አተኩራ አየችው።

«አሁንም ያንገበግበኛል» አለች።

«ያንቺ ነበር፣ እህቴ። እኔ...»

«ዝም በል! ይልቅ መጽሐፌን የት ነው የምታስቀምጠው? ከእነዚያ ከጯሂዎቹ መርከበኞችህ ጋር እንዳይሆን!»

«ከንግሥቲቱ አጠገብ ነው።»

«በቀኟ ነው በግራዋ?»

ሐንጋስ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። «በቀኟ።»

ትብለጥ ይህን ሰምታ ወደ ገጿ ተመለሰች።