ሩዋይዳ ቤት የተማረችባቸው ሁለት ዓመታት

ሜልበርን ከተማ፣ ብሬብሩክ ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት የኪራይ ቤት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ሳሎኑ ትምህርት ቤት ይሆን ነበር። የቤቱ አባወራ ሙሔ የምግብ ጠረጴዛውን ወልውሎ ደብተር ይዘረጋል። ግድግዳው ላይ በሰቀላት ነጭ ሰሌዳ ላይ ቀኑን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ከዚያ የስምንት ዓመት ልጁን ሩዋይዳን ጠርቶ ያስቀምጣታል። እስከ አራት ሰዓት ሒሳብ፣ ቀጥሎ ንባብ፣ ከምሳ በፊት ቁርኣን፣ ከምሳ በኋላ አማርኛ። ሚስቱ ዓሊማ ትምህርቱ እንዳይረበሽ በጓዳው በር በኩል በቀስታ ነበር የምትገባና የምትወጣው።

እኔ ኢስሐቅ እባላለሁ። ከሙሔ ጋር ኮምቦልቻ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። ሜልበርንም ከመጣን በኋላ አንድ ታክሲ እየተፈራረቅን እንነዳ ነበር፤ እኔ ጠዋት፣ እሱ ከሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁልፉን ላስረክበው ስሄድ ሩዋይዳ ገና ደብተሯ ላይ አቀርቅራ አገኛታለሁ። «ይሄ ነው አባት!» እል ነበር ለባለቤቴ ለኒስሪን። ሙሔ አገር ቤት ሳለ የታወቀ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ልጁን ከሱ የተሻለ ማን ያስተምራታል? እንዲያውም የራሴን ልጆች ከትምህርት ቤት አውጥቼ ለሱ ልሰጠው አስቤ ነበር።

ሩዋይዳ ከትምህርት ቤት የወጣችው በአንድ ደብዳቤ ምክንያት ነው። በፈረንጆቹ 2004 ዓ.ም. ሁለተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ ለወላጆቿ ጻፈች። ልጅቷ ስትጠራ ብዙ ጊዜ እንደማትመልስ፣ ከጓደኞቿ ጋር ስትጫወት እንደምትደናገርና እንደምትጣላ ገልጻ፣ ጆሮዋን ሐኪም እንዲያያት፣ ትምህርት አቀባበሏም እንዲመረመር ጠየቀች። ደብዳቤው አክብሮት የጎደለው አልነበረም። ሙሔ ግን ያነበበው በሌላ ዓይን ነው።

«ልጄን ደንቆሮ አሏት!» አለኝ፣ ወረቀቱን እያሳየኝ። «ጥቁር ስለሆነች፣ ሻሽ ስለምታስር፣ እንግሊዝኛዋ ስላልጠራ የአእምሮ ችግር አለባት ሊሉ ነው። እኔ አርባ ዓይነት ልጅ አስተምሬያለሁ፤ የልጄን ጭንቅላት ለኔ ሊነግሩኝ ነው?»

«ልክ ብለሃል» አልኩት። በልጅ ጉዳይ ላይ የሰው ቁጣ ማጋጋል ቀላል ነው።

በሳምንቱ ለርእሰ መምህሩ ጽፎ አስወጣት። በጊዜው ብዙም ጠያቂ አልነበረም።

ሩዋይዳ በዚያን ጊዜም ጆሮዋ ይመግል ነበር። ጠዋት ስትነሣ ትራሷ ላይ ቢጫ ነገር ይታያል። ዓሊማ ደጋግማ ሐኪም ጋ እንውሰዳት ትለዋለች፤ እሱም ደጋግሞ ይከለክላታል። «ልጅ ሆኖ ጆሮው ያልመገለበት ማን አለ? እኛ በጤና አዳምና በዘይት አይደል እንዴ ያደግነው?» ዓሊማም ዘይት እያሞቀች ታንጠባጥባለች፤ በጥጥም ትደፍናለች። ልጅቷ ለሁለት ሦስት ቀን ይሻላት ይመስላል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከነሙሔ አጠገብ ሦስት ልጆቿን ቤቷ የምታስተምር አንዲት ፈረንጅ ነበረች። ልጆቿን ቤተ መጻሕፍት ታመላልሳለች፣ ዋና ታስተምራለች፣ ረቡዕ ረቡዕ እንደሷ ካሉ ቤተሰቦች ጋር ታገናኛቸዋለች። ሩዋይዳንም ልውሰዳት ብላ በሩን አንኳኩታ ነበር። ሙሔ ደጃፉ ላይ አመስግኖ መለሳት። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የሚያንኳኳ እየቀነሰ ሄደ።

ዓመት አለፈ። ትምህርቱ ግን ወደ ፊት አልሄደም።

አንድ ቀን ቀደም ብዬ ደርሼ ዲክቴሽን ሲያጽፋት አገኘሁት። ፊት ለፊቷ ቆሞ አሥር ቃላት ጠራ፤ አንድም ሳትሳሳት ጻፈች። ቀጥሎ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አገር ቤት እንደሚያደርገው፣ ከጀርባዋ እየተንጎራደደ ሌላ አሥር ጠራ። እርሳሷ አልተንቀሳቀሰም። ዞር ዞር እያለች ልታየው ስትሞክር «ፊትሽን ወደ ደብተርሽ!» ብሎ ጮኸባት።

«አየሃት ኢስሐቅ?» አለኝ። «ፊቷ ስቆም አሥር ከአሥር። ዞር ስል ባዶ። ይሄ ልግም ካልሆነ ምን ይባላል?»

ከወንበሯ አስነሥቶ ወደ ግድግዳው አዞራት። «የምልሽን ድገሚ! በይ— መስኮት!» ዝም አለች። «መስኮት!» በመጨረሻ ግድግዳውን እንዳየች «ዋት? አባዬ፣ ዋት ዲድ ዩ ሴይ?» አለች።

«በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች ደግሞ!» አለ ሙሔ።

አንድ አስተማሪና አንድ ጎልማሳ ሰው፣ ሁለታችንም ዓይን እያለን፣ ልጅቷ አባቷን የምትሰማው አፉን ስታይ ብቻ እንደሆነ ፊታችን ላይ አሳየችን። አላየንም። እኔ ያልኩት «ጠበቅ አድርገህ ያዛት፤ ልጅ እንዲህ ነው» ነበር።

ያየችው ሌላ ሰው ናት። የሺሀረግ የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች የነርስነት ተማሪ እኛ ቤት አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሊማን እንግሊዝኛ ለማለማመድ እየወሰድኳት ትሄድ ጀመር። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ በ2006 መጋቢት ላይ፣ ሙሔም ባለበት ሩዋይዳ አጠገባችን ተቀምጣ ሥዕል ስትቀባ የሺሀረግ መጽሐፍ አንሥታ አፏን ከለለችና «ሩዋይዳ፣ ከረሜላ ትፈልጊያለሽ?» አለች። ልጅቷ ቀና አላለችም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ልጅቷ ሥዕሏን ቀጠለች። መጽሐፉን ዝቅ አድርጋ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቅሳ ስትጠይቃት ሩዋይዳ ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች።

ዓሊማ አፏን በእጇ ያዘች። የሺሀረግ ወደ ሙሔ ዞረች።

«ጋሼ ሙሔ፣ አይቆጡኝ። ሩዋይዳ አትሰማም።»

«ስትፈልግ ትሰማለች።»

«አፍዎን ነው የምታነበው። ከጆሮዋ የሚወጣውም ነገር ሽታ አለው፤ ቀላል አይደለም። ሰኞ እኔ ራሴ አፖይንትመንት ቡክ ላድርግላችሁ፤ አብሬያችሁም እሄዳለሁ።»

«ሐኪሙ መጀመሪያ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ታውቂያለሽ?» አለ ሙሔ። «የት ነው የምትማረው ይላል። ቀጥሎ እስካሁን የት ነበራችሁ ይላል። ከዚያ ይደውላል። ከዚያ የልጆች ጉዳይ ዌልፌር በሬን ያንኳኳል። ልጄን ልታስቀሚኝ ነው የመጣሽው?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ ጋሼ።»

«በሽታ የለባትም አልኩ!» ብሎ ተነሣ። ወደ እኔ ዞሮም «ተከራይህን ሁለተኛ እዚህ እንዳታመጣብኝ» አለ።

መኪና ውስጥ የሺሀረግ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «እርስዎ ይንገሯቸው እንጂ ጋሼ ኢስሐቅ፤ እርስዎን ይሰማሉ» አለችኝ።

«የሰው ቤት ነው፤ ምን አገባን» ብዬ ሞተሩን አስነሣሁ።

ዓሊማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመነችው፣ አለቀሰች፣ አኮረፈች። ብቻዋን እንዳትወስዳት ቋንቋ አልነበራትም፤ የባሏን ቃል አልፎ መሄድንም አልለመደችም። እሱም በልቡ ፈርቶ እንደነበር ኋላ ነግሮኛል። ቀኑ በጨመረ ቁጥር «እስካሁን የት ነበራችሁ» የሚለው ጥያቄ ይከብደው ጀመር። የጥያቄው ክብደት ደግሞ ቀኑን ያስጨምረዋል።

አራት ወር አለፈ። በሐምሌ፣ እዚህ አገር ክረምቱ በከፋበት አንድ ጠዋት፣ ሩዋይዳ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ራሴን አመመኝ አለች። ሙሔ ይሄን ገጽ ጨርሺና ትተኛለሽ አላት። ቀና ብላ አየችው። የአፏ ግራ ጎን ተንቀሳቀሰ፤ ቀኙ ቀረ። ፊቷ ተጣመመ።

«አሾፈችብኝ ብዬ ነበር» ይለኛል ሙሔ፣ ዛሬም ድረስ። «ወላሂ ኢስሐቅ፣ አፏን ያጣመመችብኝ መስሎኝ ጮህኩባት።»

ከወንበሯ ስትነሣ ተንገዳግዳ ወደቀች፤ ወለሉ ላይም አስመለሳት። ሲደውልልኝ ታክሲዋን ይዤ ፉትስክሬይ ሰፈር ነበርኩ። እየከነፍኩ ደርሼ ሦስቱንም ጭኜ ሆስፒታል አደረስኳቸው። ከኢመርጀንሲ ቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና ገባች። ስድስት ሰዓት ፈጀ።

ሐኪሙ በአስተርጓሚ አስረዳን። ሕመሙ ከጆሮዋ ውስጥ ትንንሾቹን አጥንቶች በልቶ፣ የፊቷን ነርቭ ነክቶ፣ ወደ አንጎሏ ሊሻገር ትንሽ ነበር የቀረው። ሕይወቷ ተርፏል። የቀኝ ጆሮዋ ግን ከእንግዲህ አይሰማም። የግራውም ተጎድቷል፤ በመሣሪያ ግማሽ ያህል ይሰማ ይሆናል።

«ፈሳሹ መቼ ነው የጀመረው?» ሲል ጠየቀ።

ሙሔ መሬት መሬት አየ። የመለሰችው ዓሊማ ናት። «ሁለት ዓመት ሆኖታል» አለች።

«ያኔ ብናመጣትስ?» አለ ሙሔ።

«ያኔ በቀላሉ ይታከም ነበር» አለ ሐኪሙ።

በሦስተኛው ቀን ሩዋይዳ በደንብ ስትነቃ ሙሔ አልጋዋ አጠገብ ተንበረከከ። እጇን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ይቅር በይኝ እያለ ብዙ ተናገረ። ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሲጨርስ ልጅቷ በጣቷ አገጩን ቀና አድርጋ «አባዬ፣ ምን አልክ?» አለችው።

እንደገና ሊለው አልቻለም። ተነሥቶ ወጣ፤ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ሲያለቅስ አገኘሁት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ዌልፌር አልመጣም፤ ልጅቱንም ማንም አልቀማውም። ከሆስፒታሉ የመጣችው ሠራተኛ የጠየቀችው ምን እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ነበር። ሙሔ ልጁን ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤት መለሳት። ደብዳቤውን የጻፈችውን አስተማሪ ይቅርታ ሊጠይቃት ፈልጎ ነበር፤ ለቃ ሌላ አገር ሄዳለች ተባለ። አሥር ዓመት የሞላት ሩዋይዳ የስድስት ዓመት ልጅ መጽሐፍ ይዛ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። የጆሮ መሣሪያው ሁሉን ነገር ያስጮህባታል፤ እያወለቀች ኪሷ ትከተዋለች። አማርኛዋ ከዓመት ዓመት እየሟሸሸ ሄዶ ከእናቷ ጋር በምልክትና በጥቂት ቃላት ቀሩ። ፊቷ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ፎቶ ሲነሡ ትደበቃለች። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ምሳም ቢቀርብ አትቀመጥም። ሙሔ አውጥቶ ለሰው ሰጠው።

ዓሊማ ባሏን አልፈታችውም። የቤት ጉዳይ ካልሆነ ግን አታነጋግረውም።

በቀጣዩ ዓመት ከዒድ በኋላ ፍሌሚንግተን አዳራሽ ተከራይተን ቤተሰብ ሁሉ ተሰበሰበ። ሰዓድ የሚባል የአራት ልጆች አባት በሰው ፊት ሙሔን ጠየቀው። «አንተ አስተማሪ ነህ፤ ሞክረኸዋል። የዚህ አገር ትምህርት ቤት አልጣመኝም። እኔም ልጆቼን ቤት ላድርጋቸው ወይ?»

ሙሔ ተነሣ። «ቤት ማስተማር ሐራም አይደለም፣ ነውርም አይደለም» አለ። «የኔ ጎረቤት በሯን ከፍታ ሦስት ልጆች አሳምራ አሳድጋለች። እኔ ግን ልጄን ያስወጣኋት ላስተምራት ብዬ አልነበረም። አንዲት አስተማሪ የነገረችኝን እውነት ላለመስማት ነው። ሰሌዳ ሰቀልኩና ትምህርት ቤት አልኩት፤ መደበቂያ ነበር። ልጅህን ስታስወጣ ከምን እየሸሸህ እንደሆነ መጀመሪያ ራስህን ጠይቅ።»

ሰዓድ አዝኖለት «አላህ የጻፈው ነው ወንድሜ፤ ራስህን አትኮንን» አለው።

«አላህማ አስተማሪዋን ልኮልኝ ነበር» አለ ሙሔ። «የሺሀረግንም ልኮልኝ ነበር። የመለስኳቸው እኔ ነኝ።»

እኔ በተቀመጥኩበት አቀረቀርኩ፤ ያን ቀን መኪና ውስጥ ያልኩትን የምናውቀው እኔና የሺሀረግ ብቻ ነንና።

ወላጆች ሆይ፣ ስለ ልጃችሁ ክፉ የሚመስል ነገር የሚነግራችሁን ሰው ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ስሙት። የልጅ ሕመም የቤተሰብ ነውር አይደለም። ዘይት ጆሮ አያድንም፤ ኩራትም አያድንም። ቤታችሁ የምታስተምሩም ብትሆኑ ልጃችሁን ሌላ ዓይን እንዲያያት ፍቀዱ፤ የወላጅ ዓይን የሚያየው ማየት የሚፈልገውን ነውና። የወዳጃችሁ ልጅ ስትጎዳ እያያችሁ «የሰው ቤት ነው» የምትሉም፣ ያ ቃል ቀሎ ይወጣል፤ ተመልሶ ሲመጣ ግን አትችሉትም።

ሩዋይዳ ዘንድሮ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ ዛሬም፣ ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ ቀስ ብሎ፣ ይቅርታ ይጠይቃታል። እሷም «ኦኬ አባዬ» ትለዋለች። ምሕረት ከሷ ዘንድ አግኝቷል። ጆሮዋ ግን ምሕረት ስላደረገች አልተመለሰላትም።